ፈረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ

የጌም ሱቁን ባለቤት ደንበኞቻቸው «አቶ ሳይሞከር» ይሏቸዋል። ስሙን ያተረፉት በገዛ አፋቸው ነው፤ «ሳይሞከር አይሸጥም» ሳይሉ ዲስክ አስረክበው አያውቁም። በሱቁ ማሽን ከፍተው ምስሉን ካላዩ፣ ድምፁን ካልሰሙ፣ ገዢው ቢለምን ቢቆጣ ወይ ፍንክች። ከመሞከራቸው በፊት ደግሞ ማሽኑም ላይ፣ በተሰካበት ካርድም ላይ የቀድሞ ሰው የተጫወተውን ሁሉ ያጠፋሉ። «ሰው በበላበት ሳህን እንግዳ አይስተናገድም» ባይ ናቸው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚሸጥላቸው የፈረሰኛው ጨዋታ ነው። አምራቹ ሰው ማጓጓት ያውቅበታል። አዲስ ክፍል ሊያወጣ ሲል መጀመሪያ የኮቴ ምልክት ብቻ ያለበት ፖስተር ይልካል፤ ከወራት በኋላ የፈረሱን ጭራ፤ ከዚያ ዓይን ሳይጠግብ የሚያልቅ ቪዲዮ። ሰዉም ዲስኩ ሳይታተም ስሙን ለማስመዝገብ ይጋፋል። አቶ ሳይሞከር ፖስተሩን እየለጠፉ «ጭራዋን አሳይቶ ላሟን የሚሸጥ ነጋዴ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ሰባተኛው ክፍል ሲመጣ ግን ሳቁ ቀረ። ፖስተሩ «ፈረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ» ይላል። ስድስተኛውን የተጫወተ ሰው ያንኑ የራሱን ፈረሰኛ ወደ አዲሱ ያሻግራል ማለት ነው። የአቶ ሳይሞከር አንድ ልጅ ደግሞ ስድስተኛውን የጨረሰው ታሞ በተኛበት አልጋ ላይ ነው፤ ከዚያ አልጋም አልተነሳም። ፈረሰኛው ጨዋታ በሚቀመጥባት አንዲት ትንሽ ካርድ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ካርዷ ከአባትየው የደረት ኪስ ተለይታ አታውቅም።

ለገበያ ተብላ የተጻፈች ቃል ለባልና ሚስቱ ሌላ ነገር ሆነችባቸው። ልጁ ያልደረሰበት አገር ፈረሰኛው ይደርስለታል። ሞኝነት መሆኑ አልጠፋቸውም፤ ግን ሐዘን መች ምክር ይሰማል? ባለቤታቸው እራት ባቀረቡ ቁጥር መቼ እንደሚወጣ ይጠይቃሉ።

የሽያጩ ቀን ሰልፉ እስከ ጫማ ሰፊው ደጅ ደረሰ። አቶ ሳይሞከር በሩን ሳይከፍቱ በፊት ልጃቸውን ማስቀደም ፈለጉ። ካርዷን ከኪሳቸው አውጥተው ማሽኑ ላይ ሰኩ። ይሄኔ ከውጭ በሩ ተንኳኳ፤ ሰው ማስጠበቅ ስለማይሆንላቸው ከፈቱ። የመጀመሪያው ገዢ የዲስኩን ሳጥን ተቀብሎ «በሉ እንግዲህ፣ ሳይሞከር አይሸጥም» ሲላቸው ሰልፈኛው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ እየሳቁ እጃቸው የለመደውን አደረገ።

«ሁሉም ይጥፋ?» የሚል ጥያቄ መጣ። አዎ የሚለውን ተጫኑ።

ካርዷን ያዩዋት ከዚያ በኋላ ነው። ነቅለው መልሰው ሰኳት፤ ባዶ ናት። ገዢው ምን እንደሆኑ ቢጠይቃቸው ምንም አሉት፤ ዲስኩንም ሞክረው ሰጡት። እስከ መጨረሻው ሳጥን ድረስ እየሞከሩ ሸጡ። 

ሱቁ ጭር ሲል የልጃቸውን እያስታወሱ አዲስ ፈረሰኛ ሠሩ። ጥቁር ፈረስ፣ ቀይ ካባ፣ ከላይ የልጃቸው ስም። አመሻሽ ላይ ባለቤታቸው የሰርግ ጫማቸውን አድርገው መጡ። ወንበር ስበው ከማሽኑ ፊት ተቀመጡና ፈረሱን ከራሱ እስከ ኮቴው አዩት። ከዚያ ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው «አዎ፣ እሱ ነው» አሉ። አቶ ሳይሞከር ትንፋሻቸው መለስ አለ።

ሱቁን ዘግተው ጎን ለጎን ሲሄዱ ባለቤታቸው ክንዳቸውን ያዙ።

«የልጄ ፈረስ አንድ እግሩ ነጭ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አልጋው ላይ ሆኖ ምረጪልኝ ብሎኝ፣ እኔ ነኝ የመረጥኩለት። መቼ ነው የጠፋው?»

«ዛሬ ጠዋት። በገዛ እጄ።»

ባለቤታቸው ክንዳቸውን እስከ ቤት ድረስ አልለቀቁም።