ሌባን ያስፈራል የተባለው ጫማ

ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጠው ሰላሁዲን ደንበኛ ቢምልለት አያምንም፤ ፌስቡክን ግን ያለ ዋስ ያምናል። ለአረፋ ቤተሰቡን ይዞ አገር ቤት ሊወርድ ሲል፣ ቤቱ ባዶ መቅረቱ እንቅልፍ ነሳው። ጎረቤቱን እትዬ ዘኪያን "ቤቴን ይዩልኝ" ብሎ መለመን ደግሞ ክብሩ አልፈቀደም። አገር ምድሩ ሼር ያደረገው ምክር "በር ላይ ትልልቅ የወንድ ጫማ ደርድሩ፤ ሌባ ጎረምሳ የሞላበትን ቤት አይደፍርም" ይላል። ማን አለው አይባልም፤ ሼር ተደርጓል፣ በቃ! አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሰልባጅ ጫማ ደጃፉ ላይ ደርድሮ፣ ለማንም ሳይናገር ቆልፎ ሄደ።

እትዬ ዘኪያ ጫማውን ሲያዩ "ዱዓ ደግሰው እኛን ሳይጠሩ!" ብለው አኮረፉ። ቆይተው ግን ከዚያ ሁሉ ወንድ አንድ ሳል እንኳ ሲጠፋ፣ "ኧረ የከሰል ጭስ ጨረሳቸው!" ብለው ጮኹ። ሰፈርተኛው ተሯሩጦ በሩን በዲጂኖ ገነጠለ። ከዚያም ጨዋ ነውና፣ ሬሳ ሊያወጣ ጫማውን አውልቆ ገባ።

አልጋ ስር ሳይቀር ፈልገው ሬሳ አጥተው ሲወጡ፣ ደጃፉ ላይ አንድ ጫማ አልቀረም። የጎረምሶቹንም የጎረቤቶቹንም ሌባ ጠራርጎ ወስዶታል።

እትዬ ዘኪያ በባዶ እግራቸው ቆመው ደወሉ። "አንተ ሰላሁዲን፣ ባለጫማዎቹ የት ገቡ?"

"የምን ባለጫማ? ሌባ ላስፈራራበት ነው እኮ!"

"በርህን ገነጠልነው፣ ጫማችንም ተሰረቀ!"

"ከውስጥስ የጠፋ አለ?"

"የለም።"

"አላልኩም? ምክሩ ሠርቷል!" አለ ሰላሁዲን በኩራት። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ... እስክመለስ ቤቴን ይዩልኝ።"

"እሺ፣ ጫማ ይዘህልኝ ና!"