ኩባያዋን ያጠብኩባቸው ጠዋቶች

ባለፈው ረቡዕ ከዙሁር ሰላት ተነስቼ ስልኬን ሳየው የወንድሜ ልጅ ሦስት ጊዜ ደውላልኛለች። እኔ የምኖረው በርገን በምትባል የኖርዌይ ከተማ ነው። እሷ ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ምህንድስና ታስተምራለች። ከአገር ቤት ሦስት ጊዜ ሲደወል ሰው ደግ ነገር አይጠረጥርም፤ ቢስሚላህ ብዬ መልሼ ደወልኩ።

«አዳዳ! አትደንግጪ፣ ደህና ወሬ ነው» አለችኝ። የአባቷ እህት ስለሆንኩ በኦሮምኛው አዳዳ ነው የምትለኝ። «ከተማሪዎቼ ጋር የሠራነውን መሣሪያ ሸቤ ወስደን የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተከልነው። ቡናው ምን ያህል እንደደረቀ ራሱ እየለካ ስልካችን ላይ ይልክልናል። ማንም ሳይነካው!»

«ማሻአላህ!» አልኩና ወዲያው፣ «ጠዋት ጠዋት የሚያጸዳው ማነው? በምንድን ነው የሚያጸዳው?» ብዬ ጠየቅኳት።

ሳቀች። «ይሄን ሁሉ ነግሬሽ የምትጠይቂኝ ይሄን ነው?»

አዎ፣ ይሄንኑ ነው። ለእሷ በስልክ ያሳጠርኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መረከቢያ ግቢ ናሙና ተቀባይ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቤታችን ሄርማታ ነበር፣ ከገበያው አለፍ ብሎ። ከሱብሒ ሰላት በኋላ እናቴ የበቆሎ ቂጣ በማር ጠቅልላ ትሰጠኛለች፤ እሱን እየገመጥኩ በቀዩ አፈር መንገድ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። የጥር ጠዋት ጅማ ላይ ደስ ይላል። ጭጋጉ ገና ከዋንዛዎቹ ላይ አልተገፈፈም፣ የጫኑ መኪኖች ከበሩ ፊት ተሰልፈዋል፣ ሾፌሮቹ ኮረሪማ የገባበት ሻይ በብርጭቆ ይዘው ይከራከራሉ። እኔ ሰው ሲከራከር መስማት እወድ ነበር። ኧረ ማንኛውንም ነገር ማወቅ እወድ ነበር፤ እናቴ «የዚች ልጅ ጥያቄ እንጀራ ቢሆን ሰፈሩን ያጠግብ ነበር» ትል ነበር።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ የቡና ድርቀት የሚታወቀው በአባ ቦሩ ነው። አባ ቦሩ ከግቢው ጋር ያረጁ ሽማግሌ ነበሩ። ከጆንያው አንድ ፍሬ ያነሱና በጥርሳቸው ይነክሳሉ። ከዚያ አንድ እፍኝ ቡና ቆርቆሮ ሳህን ላይ አፍስሰው ድምፁን ይሰማሉ። ከደረቀ «ጎጌራ» ይላሉ፣ ደርቋል ማለታቸው ነው፤ መኪናው ይገባል። ካልደረቀ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ መኪናው ይመለሳል። ማንም አይሟገታቸውም።

አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ሰለሞን የሚባል ወጣት መሐንዲስ አንዲት ሳጥን ይዞ መጣ። የዳቦ መጋገሪያ ታክላለች። በላይዋ በኩል አንዲት የብረት ኩባያ ትገባለች፤ ኩባያዋን በቡና ሞልተው ቁልፉን ሲጫኑ ትንሿ መስኮት ላይ ቀይ ቁጥር ቦግ ይላል። ቁጥሩ ከአሥራ ሁለት ከበለጠ ቡናው እርጥብ ነው። ቁጥር በብርሃን ተጽፎ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁላችንም ከበናት ቆምን። ኃላፊያችን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጓዶች፣ ከእንግዲህ ጥርስ አበቃ። ማሽን አይሳሳትም፣ ማሽን አያዳላም» አለ።

አባ ቦሩ ሳጥኗን ዞር ዞር ብለው አዩዋት። «ጥርስ የላትም። እኔም የቀረኝ ሁለት ነው፤ እንግዲህ ዘመዳሞች ነን» አሉና ሁሉንም አሳቁት። ከዚያ በርጩማቸውን ይዘው ከጥበቃው ቤት ጥላ ሥር ሄደው ተቀመጡ።

የማሽኗ ጠባቂ እኔ ሆንኩ። ሰለሞን «ንጹሕ መሆን አለባት፤ አቧራ ጠላቷ ነው» ሲለኝ ቃሉን ልብ ብዬ ያዝኩት። እናቴ ያሳደገችን ምግብ የሚነካ ዕቃ ሁሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በቢስሚላህ ሦስት ጊዜ በውሃ ይለቀለቃል ብላ ነው፤ ሰፈራችን ያለ ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገብቼ ኩባያዋን ከቧንቧው ሥር ሦስት ጊዜ አጠብኳት፣ አራገፍኳት፣ ቦታዋ መለስኳት። እንዴት እንዳበራች! ማንም እጠቢ አላለኝም፤ ማንም አትጠቢም አላለኝም።

የዚያን ዕለት በመጀመሪያ የገባው የሸቤ ገበሬዎች ማኅበር መኪና ነበር። ሊቀመንበራቸው አባ ሚልኪ ዘንጋቸውን ይዘው ከጋቢናው ወረዱ። ጆንያውን እየወጋን በምናወጣበት ቀዳዳ ብረት ናሙና አወጣሁ፣ ኩባያዋን ሞላሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። አሥራ ሦስት ነጥብ አራት።

«እርጥብ ነው» አለ ኃላፊው።

«ይህ ቡና?» አሉ አባ ሚልኪ። «ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ የከረመ ቡና! ወላሂ በእጄ እያገላበጥኩ ነው ያደረቅኩት።»

አባ ቦሩ ከጥላቸው ተነስተው መጡና አንድ ፍሬ ነከሱ። «ጎጌራ» አሉ።

«ጥርስ አበቃ ብያለሁ» አለ ኃላፊው። ወደ አባ ሚልኪም ዞሮ፣ «ክብደት እንዲጨምር ውሃ አርከፍክፈህበታል። ዓርብ ይህን ቡና እንደገና እንለካዋለን። ያን ቀን እርጥብ ቢሆን ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው ብዬ ለወረዳው እጽፋለሁ» አላቸው። አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ ሲላቸው ሾፌሮቹ አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ መባል እንደ ተራ ስድብ አይታይም፤ በዚያ ስም ከቤቱ ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው ነበር።

አባ ሚልኪ ወደ ሰማይ አዩ። ያለ ወቅቱ ደመና ቋጥሯል። «በዚህ ዝናብ ሸቤ ብመልሰውማ ያን ጊዜ እውነትም ይረጥባል» አሉና ጆንያዎቹን አፋቸው የታሰረበት ማኅተም ሳይፈታ ሄርማታ በአንድ ዘመዳቸው መጋዘን አሳደሯቸው።

ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ቡና እርጥብ ሆነ። ረቡዕም። ሐሙስም። ከእነሱ በኋላ የሚመጡት ደህና ናቸው። እኔ ሥራዬን በጥንቃቄ እሠራለሁ፤ በየጠዋቱ ሦስት ጊዜ አጥባለሁ። ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ማልዶ የሚመጣ ሰው ሁሉ ለምን እርጥብ ያመጣል? ጤዛው ይሆን? ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሰለሞንን ያዝኩት።

«ቆይ፣ ይቺ ሳጥን ውሃ መኖሩን እንዴት ታውቃለች?»

«አንቺ ደግሞ ሳትጠይቂ አታድሪም» አለኝ አፉ ሙሉ ጎደሬ እያኘከ። «ውሃ ባለበት ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፋል፣ ደረቅ ላይ ይቸገራል። ማሽኗ በፍሬዎቹ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ትሰዳለች፤ ምን ያህል እንዳለፈ አይታ ያንን ወደ ቁጥር ትለውጠዋለች። በቃ።»

«ውሃው የቡናው ይሁን የሌላ ነገርስ እንዴት ትለያለች?»

«አትለይም። እሷ የምታውቀው ውሃ መኖሩን ብቻ ነው» አለና ጎደሬውን ቀጠለ። እኔም ይገርማል ብዬ ተነሳሁ። ሁለታችንም አልነቃንም።

ዓርብ ጠዋት ኩባያዋን ከቧንቧው ሥር ይዤ ሁለተኛውን ጨርሼ ሦስተኛውን ስጀምር እጄ ቆመ። ኩባያዋን ዘቅዝቄ አየኋት። ግድግዳዋና ታችዋ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ውሃው እንደ ክር ዞሮ ተቀምጧል። አራገፍኳት፤ አልወጣም፤ ለካ በየጠዋቱ የመጀመሪያው ቡና የሚጠጣው ይህን ኖሯል። በዚያው ቅጽበት ከበሩ ላይ ጥሩምባ ተነፋ፤ የአባ ሚልኪ መኪና ነው። በሻሼ ጫፍ ኩባያዋን ጠርዟን ሳይቀር ወለወልኳት፣ እስክትደርቅም ደጋግሜ ጠረግኳት።

ግቢው ሞልቶ ነበር። የሸቤ ሰዎች ከመኪናው ላይ ቁልቁል ያያሉ። ናሙናውን አወጣሁ፣ ሞላሁ፣ ተጫንኩ። አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት። አልሐምዱሊላህ፣ ወጣሁት ብዬ ተነፈስኩ።

አልወጣሁትም። ኃላፊው ፈገግ አለና፣ «አያችሁ? ሲያስፈራሩት አደረቀው! ሰኞ ውሃ እንደነበረበት ራሱ መሰከረ። ይሄንንም እጽፋለሁ» አለ።

አባ ሚልኪ በዘንጋቸው ጆንያውን አመለከቱ። «ማኅተሙን እዩት እንጂ! አልተፈታም! መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ውስጥ ሆኖ በምን ፀሐይ ደረቀ?»

ማን ሰምቷቸው። ትክክለኛው ቁጥር ከስህተተኛው ይበልጥ ሊያስይዛቸው ነው። ዝም ብል እኔን የሚያውቅብኝ አልነበረም፤ ከአላህ በስተቀር። ብናገር ያ ስም ወደ እኔ ይዞራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ፈራሁ።

«ኩባያዋ ናት» አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፣ ደገምኩት። «ኩባያዋ ናት! በየጠዋቱ አጥባታለሁ። ውሃው የእኔ ነው።»

ኃላፊው አፈጠጠብኝ። «ታዲያ አሻጥረኛዋ አንቺ ነሽ?»

ሰለሞን ከኋላ እየተጋፋ መጣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው! ንጹሕ ትሁን አልኳት እንጂ በደረቅ ጨርቅ አላልኳትም» አለ። ከዚያ ኩባያዋን ከእጄ ወስዶ ውሃ አስነካትና ያንኑ ቡና መልሶ ለካ። አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት። ጠርጎ ደገመው። ወደ አሥራ አንድ ወረደ። የሸቤ ሰዎች ከመኪናው ላይ ዘለው ወረዱ። አንዱ «እስቲ አጠጣት!» ይላል፣ ሌላው «አሁን ደግሞ አድርቃት!» ይላል፤ ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ሠርግ ያለ መሰለ። ኃላፊው ራሱ ሦስት ጊዜ ቁልፉን ተጫነ። ከዚያ ወደ ቢሮው ገባ። ደብዳቤው አልተጻፈም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የአባ ቦሩ በርጩማ ከማሽኗ አጠገብ ተቀመጠ። እሳቸው ይነክሳሉ፣ እሷ ትለካለች፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ኩባያዋ ተጠርጋ እንደገና ይለካል።

አባ ሚልኪ መኪናቸው ሲራገፍ አጠገባቸው ሄጄ «አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ አለቀስኩ። ራሴን ዳበሱኝ። «ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ንጽሕናሽ እኮ አገር ሊያስፈጅ ነበር» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው፣ «እኔ አፉ ብዬሻለሁ። የሌሎቹ ሐቅ ግን እኔ ጋ አይደለም፤ ፈልጊያቸው» አሉኝ።

ፈለግኩ። የማክሰኞውንና የረቡዑን ሾፌሮች ሰፈራቸውን አውቅ ስለነበር አገኘኋቸው፤ ቡናቸው ተመልሶ ተለካ። የቀረኝ የሐሙሱ ነው። በሁለት በቅሎ ጭኖ የመጣ ጎልማሳ ሰው ነበር፤ ትከሻው ላይ ቡናማ ጋቢ ነበረው። መዝገባችን ላይ የምንጽፈው የተረከብነውን ቡና ብቻ ስለነበር ስሙን አልጻፍኩትም። እንደ አባ ሚልኪ አልተሟገተም፤ ቢሟገት ይሻለኝ ነበር። ቀዩን ቁጥር ትንሽ አየው፣ ከዚያ የራሱን መዳፍ ገልብጦ አየው። «እኔ ደርቋል ብዬ ነበር» አለ። «እንግዲህ እጄም አረጀ ማለት ነው።» በቅሎዎቹን እየጎተተ በዝናቡ ሄደ። ገበያ በገበያ ጠየቅኩ፣ የሸቤን መንገድ ተመላለስኩበት፤ አላገኘሁትም፤ በኋላም ትዳርና ኑሮ ወዲህ አመጣኝ።

የወንድሜ ልጅ መሣሪያ መልካም ነው፤ ዱዓ አድርጌላታለሁ። እኔ ማሽን አልጠላም፣ ያቺን ሳጥንም እወዳት ነበር፤ ውሃ አለ ወይ ብለን ጠየቅናት፣ አለ አለችን፤ ነበረም። ግን ቁጥር በብርሃን ሲጻፍ ሰው የገዛ እጁን እንደሚጠራጠር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህን ያደረገውም የእኔ ጥንቃቄ ነው።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ጠዋት በዚያ ግቢ የነበራችሁ፣ ሾፌሮችም ጫኞችም፣ ያን ሰው የምታውቁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩልኝ። በሕይወት ካለ ለራሱ፣ ካለፈም ለልጆቹ። አፉ እንዲለኝ ለምኑልኝ። ከዚያ በፊት ግን ይህን ንገሩት፦ እጁ አልተሳሳተም፤ ቡናው ደርቆ ነበር።