በተረት ስሟ የተለመነላት ልጅ

ባለፈው ሳምንት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ አንዲት ወጣት እናት ልጇን «ኦርቬን! እጄን ያዝ!» ስትለው ሰማሁ። ከኋላዬ የቆመ ጎልማሳ፣ «ይሄ ደግሞ የመኪና ስም ነው?» አለ። ሰልፉ ሳቀ። እናትየው አንገቷን ደፍታ፣ «ከልቦለድ ነው» አለች። እኔ አልሳቅሁም። የራሴ ልጅ ዘሊራ ትባላለች።

እሷን አርግዤ ሳለሁ ሐኪም ከአልጋ እንዳልነሳ አዘዘኝ። ክረምት ነበር። ሃያ ሁለት አካባቢ በተከራየናት ቤት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ታናሽ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ከአንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እያነበበች በአማርኛ ትተርክልኝ ነበር። ዘሊራ የምትባል ትንሽ ልጅ፣ ዘንዶዎች የተኙበትን ተራራ አንዲት ፋኖስ ይዛ ብቻዋን ታቋርጣለች። ሴት ከወለድኩ ስሟ ይኸው ነው አልኩ።

አማቴ እማማ ጥሩነሽ አጥሚት ይዘውልኝ ሲመጡ ነገርኳቸው።

«ማናት እሷ? ጻድቅ ናት ሰማዕት?»

«የተረት ልጅ ናት፣ እማማ።»

«የሳሙና ስም ነው የሚመስለው! የልጅ ልጄን ከዘንዶ ጋር ልታጋጥሚያት ነው?»

ከዚያ ወዲህ ስሙን በአፋቸው አልጠሩትም።

ልጄ ጊዜዋ ሳይደርስ ተወለደች። ሆስፒታሉ ማሞቂያ ውስጥ አስገቧት። ቆሜ መሄድ በቻልኩበት ጠዋት ትንፋሽ አጠራት፤ ሐኪሙም «እንግዲህ ጸልዩ» አለን። ባሌ የማሞቂያው ክፍል በር ላይ ቀረ። እኔ አማቴን ተደግፌ፣ በጭቃው እያዘገምን ቦሌ መድኃኔዓለም ደረስን።

አራስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ከቅጥሩ ውጭ ቆምኩ።

«እማማ፣ እርስዎ ይግቡ።»

«አንቺን ጥዬ የት እገባለሁ?»

ካፊያው ነጠላቸውን አረጠበው። እጃቸውን ዘረጉ። «መድኃኔዓለም፣ ባሪያህን…» ብለው ስሟ ላይ ሲደርሱ ተገቱ። ሰው በጸሎት የሚነሳው በክርስትና ስሙ ነው። ሴት ልጅ ደግሞ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ቀድመን እናስጠምቃት ብንል ሐኪሞቹ ከማሞቂያው አትወጣም ብለውናል። የእኔ ልጅ ሌላ ስም አልነበራትም።

እጃቸውን ይበልጥ ከፍ አደረጉ።

«ዘሊራን» አሉ። «ዘሊራን ማርልኝ። ያቺን ትንሽዬ፣ ዘሊራን።»

እህቴ በዝናብ የተረከችልኝ፣ የፋኖሷ ልጅ ስም፣ ከእኚያ ጥብቅ ሴት አፍ በእንባ ወደ ሰማይ ሲወጣ ሰማሁት። እኔ መጸለይ አቃተኝ፤ የእሳቸውን አዳመጥኩ።

ስንመለስ ባሌ ኮሪደሩ ላይ ሮጦ ተቀበለን። «አለቀሰች! ድምጿን ሰማሁት!»

ተመስገን። እስከ ዛሬ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ቄሱ ወለተ መድኅን አሏት። ባሌ እናቱን ደስ ለማሰኘት፣ «እማዬ፣ የዓለም ስሟን አንቺ ቀይሪላት» አለ።

«ምን ነካህ? በዚህ ስም አይደል የለመንኩት?» አሉት። «አሁን ደግሞ መድኃኔዓለምን ያቺ ሌላ ልጅ ነበረች ልበለው?»

እማማ ካረፉ ቆዩ። ዘሊራ ዛሬ ከእኔ ትረዝማለች፤ በሩን ዘግታ ስትወጣ ባየኋት ቁጥር ያ ካፊያ ትዝ ይለኛል። ስም ከየትም ይምጣ፣ አንድ ጊዜ ፈጣሪ ፊት ከተጠራ በኋላ እኔ ልስቅበት አልችልም።

ታክሲው መጣ። እናትና ልጅ ከፊቴ ተቀመጡ። ጎንበስ ብዬ፣ «ኦርቬን» አልኩት። ዞረ።

«እግዚአብሔር ያሳድግህ።»

እናቱ ቀና አለች። «አሜን» አለች።