ሞተሩ ሳይጠፋ የሚለካ ዘይት

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ዮናስ መኪናውን ግቢያችን ውስጥ አቁሞ የአውቶማቲክ ካምቢዮዋን ዘይት በራሱ እጅ ሊለውጥ ተነሣ። ዮናስ ሥራው ባንክ ቤት ነው፤ ስለ ዘይት የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲለውጥ ስልኩ ላይ ያየውን ያህል ነው። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጎመን እቀነጥስ ነበር። አሮጌው ዘይት ሳፋው ውስጥ መውረድ ሲጀምር አንድ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ያን ሽታ የማውቀው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ነው።

ያን ጊዜ ቤታችን አዲስ አበባ፣ እሪ በከንቱ ሰፈር ነበር። አባቴ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ከአገር ከሚወጣ ፈረንጅ ላይ አንድ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ገዛ። ሰፊና ሰማያዊ ነበረች፤ ካምቢዮዋም ራሱን በራሱ የሚቀይር አውቶማቲክ። ፍሪሲዮን የሌለው መኪና በሰፈሩ ሰው አይቶ አያውቅም። የሰፈር ጎረምሶች በመስኮቷ አጎንብሰው ሁለት ፔዳል ብቻ ሲያዩ፣ «ሦስተኛውን ፈረንጁ ይዞት ሄደ እንዴ?» እያሉ አባቴን ያበግኑት ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የነርስ ትምህርት ቤት ለፈተና ጠርቶኛል። ቀኑ መስከረም ውስጥ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት። አባቴ ከሁላችንም በላይ ደስ ብሎት ነበር፤ «ልጄን እበሩ ድረስ በመኪናዬ አደርሳታለሁ» ብሎ ለደንበኞቹ ሁሉ ነግሯል። መኪናዋ ግን ዳገት ላይ መንገጫገጭ ጀምራለች። ስለዚህ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዘይቷ እንዲለወጥ ተወሰነ።

ሥራውን የያዙት ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ናቸው። በአሰብ መስመር ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሰው ነበሩ። መኪና የሚጠገንበት ጉድጓድ ስላልነበረን እንደ ሰፈሩ ልማድ መኪናዋን የጎርፍ ቦዩ ላይ፣ ግራና ቀኝ ጎማዋን በሁለቱ ዳር አድርገው አቆሟትና ቦዩ ውስጥ ገቡ። እሪ በከንቱ ደግሞ ሁሉም ነገር ቁልቁል ነው፤ መኪናዋም አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ ቆመች። አሮጌው ዘይት የወረደው በእናቴ ሳፋ ውስጥ ነው። እናቴ እስከ ፋሲካ ድረስ የሳፋዋን ነገር ስታነሣ ኖራለች።

ከመኪናዋ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንዳነብላቸው እኔ ተጠራሁ። ጋሽ ደምሴ አዲሱን ዘይት ጨምረው፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው በጨርቅ ጠርገው መልሰው ከተቱ፤ ሞተሩ እንደጠፋ እንደገና መዝዘው አዩና፣ «ሞልቷል» አሉ።

«ጋሽ ደምሴ፣ መጽሐፉ እኮ የሚለው ሌላ ነው» አልኩ። «ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ ነው የሚለካው ይላል። ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች ስለሚመለስ የሞላ ይመስላል ይላል።»

ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ሞተር እየሠራ ዘይት ተለክቶ ያውቃል? ወጥ እየፈላ ጨው ይቀመሳል?»

«ታዲያ እየፈላ አይደል እንዴ የሚቀመሰው?»

የከበበን ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ደምሴ አልሳቁም። አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። «ጽጌ! ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ እወቂ። ግቢ!»

መጽሐፉን ዘግቼ ገባሁ። የተረፈው ቆርቆሮ ዘይት ጓዳ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ከእሁድ እስከ ሐሙስ ጓዳ በገባሁ ቁጥር አየው ነበር። አንስቼ ብጨምረው ማን ያየኝ ነበር? አልጨመርኩም። በአባቴ መኪና ላይ ሴት ልጅ እጇን አታሳርፍም፤ እኔም አላሳረፍኩም።

ሐሙስ ማለዳ ካፊያ ነበር። ነጭ ጫማዬን አድርጌ ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። ገና ከሰፈራችን ስንወጣ ሞተሩ አጓራ፤ መኪናዋ ግን በሞተሩ ልክ አልሄደችም። ፒያሳ ስንደርስ፣ «አባዬ፣ እዚህ ልውረድና በአውቶቡስ ልሂድ» አልኩት።

«መኪና እያለን?» አለ፤ ፊቱን ወደኔ አላዞረም።

በአትክልት ተራ በኩል ወረድን። የዝናብና የበሰበሰ ጎመን ሽታ በመስኮቱ ይገባል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። አባቴ ፍሬን ያዘ። ብርቱካን የተሸከሙ ሰዎች እየሮጡ መጥተው ከኋላ ደገፏት፤ አንዱ፣ «አባት፣ ይቺንስ እኛው ብንሸከማት ይሻላል!» አለ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ወረድኩና በጭቃው መንገድ ሮጥኩ።

ስደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ዘበኛው ጫማዬን አየና፣ «እህቴ፣ ስም ተጠርቶ አልቋል፤ በሩም ተዘግቷል» አለኝ።

መኪናዋን ያየው የጋራዥ ሰው መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ሞተሩን አጥፍታችሁ ነው እንዴ የለካችሁት?» ብሎ ነው። ሁለት ሊትር ያህል ጎድሏት ነበር። ከጓዳ ቆርቆሮው መጣና ተጨመረ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሄደች። አባቴ አንዴ አየኝና ዓይኑን መለሰ። ማታ እራት ላይ፣ «የሚመጣው ዓመት አለ» አለ። በሚመጣው ዓመት ወገቡን ታመመና ሱቁን እኔ ያዝኩ። ጨርቅ ስቀድ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርኩ።

ዮናስ አዲሱን ዘይት ጨምሮ፣ ሞተሩን ጥቂት አሠርቶ አጠፋና የመለኪያውን ዘንግ ሊመዝ እጁን ሰደደ።

«አስነሣው» አልኩት። «ደግሞ ወደ በሩ አምጣት፤ የቆመችበት ያዘቀዝቃል።»

ቀና አለ። «እትዬ፣ እርስዎ ይሄን ከየት አወቁት?»

«አንብቤ ነው።»

ፈገግ አለ። «ቆይ እስቲ፣ ለማንኛውም ስልኩን ልይ» ብሎ ዘይት የነካው እጁን በሱሪው ጠርጎ ስልኩን አወጣ። እኔ ጎመኔን ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ትክክል ነዎት!» አለኝ፤ ተገርሟል።

ሞተሩን አስነሣው።