ከጎማው ሥር ያነሣሁት ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን ከገበዝ ማርያም ወዲያ ያለውን ፏፏቴ ልናይ ስንወጣ፣ የተኮናተርናት ሚኒባስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ አቃሰተችና ያ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ከወለሉ ሥር ተነሥቶ አፍንጫዬን ሞላው። ልጆቹ ስልካቸውን በመስኮት አውጥተው ገደሉን ይቀርጻሉ፤ እኔ የፊት ወንበሩን ብረት ጨብጬ "ወራጅ አለ" ልል ትንሽ ነው የቀረኝ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ "ምነው እትዬ፣ መንገዱ እኮ ተሠርቷል" አለኝ። ይሠራ፣ እኔ ምን አገባኝ። ለእኔ ያ ሽታ ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባትሽ መኪናው ላይ ናቸው።

ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነው። አባባ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ከዛፍ ወድቀው ቀኝ ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላለ የስፌት መኪናቸውን በግራ እግራቸው ብቻ ነበር የሚረግጡት። መንገድ ስንሄድ እጃቸውን ይዤ እኔ እቀድማለሁ፤ ድንጋይ ካዩ "አንሺው" ይሉኛል፣ እኔም አንሥቼ ዳር አስቀምጣለሁ። እንቅፋት ያነሣ ይጸድቃል ይሉ ነበር። ከቤት ወጥተን ቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ እጄ አፈር በአፈር ይሆናል፣ እናቴም ስለ ጽድቄ ሳይሆን ስለ ቀሚሴ ነበር የምትጨነቀው።

ከክፍሌ አንደኛ ከወጣሁ ፏፏቴውን ሊያሳዩኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር፤ አንደኛም ወጣሁ። ታዲያ የራሱ መኪና የሌለው ሰው ያን ጊዜ ወደዚያ የሚሄደው በገበያ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም በጭነት አይሱዙ፣ ከጨው ጆንያና ከሳሙና ካርቶን ጋር ተደርድሮ። አጠገባችን እትዬ ዘሀራ ተቀመጡ፤ ከአባባ ሱቅ ፊት ለፊት ጨው የሚነግዱ፣ ጉንጬን ቆንጥጠው የማይጠግቡ ሴት ነበሩ።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ መኪናው ቆመ። ረዳቱ "ልጅ ያዘለችና አቅመ ደካማ ይቀመጥ፤ ሌላው ውረድ፣ ድንጋይ ያዝ" አለ። የዚያ መንገድ ወግ ይኸው ነበር፤ ተሳፋሪው ድንጋዩን ተሸክሞ ከመኪናው ኋላ ኋላ ይወጣል፣ መኪናው ሲደክመው ከጎማው ሥር ታኮ ያደርግለታል፣ ሞተሩ ትንፋሽ አግኝቶ ደህና አድርጎ ሲርቅ ደግሞ ድንጋዩን አንሥቶ ይከተላል። አባባ አብረውን ሊወርዱ ቢሞክሩ ረዳቱ "እርስዎ ይቀመጡ" ብሎ መለሳቸውና የኋላ መዝጊያውን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። እኔ ዳቦ የምታህል ድንጋይ ታቅፌ ተከተልኩ። ፈሪ ነኝ፣ ያኔም ፈሪ ነበርኩ። ከጠመዝማዛው በታች ያሉት ዛፎች የጎመን ችግኝ ያክላሉ፤ ይህ መኪና ወደ ኋላ ቢመጣስ እያልኩ በየእርምጃው ማርያምን እለምናለሁ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እውነት ነው።

ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ መኪናው አቃተው። ረዳቱ አንድ ወፍራም ድንጋይ ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ያ ሽታ አካባቢውን አጠነው፣ ጎማውም ከድንጋዩ አንድ ስንዝር ያህል ተላቀቀ። እኔም ድንጋዩ መንገዱ መሃል ተጎልቶ ሳየው፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የያዝኩትን ጥዬ እንደ ልማዴ ጎንበስ አልኩና በሁለት እጄ ወደ ዳር አንከባለልኩት። ወዲያው ሞተሩ ጠፋ።

መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ክው አልኩ። ከጎማው ፊት ለፊት፣ መንገዱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። አባባ መዝጊያውን እንደያዙ፣ ዐይናቸው እኔ ላይ እንደተተከለ፣ ወደ ገደሉ ይመጣሉ። ዘለው አይወርዱ ነገር ጉልበታቸው አይታጠፍ። በአንድ እጃቸው ዞር በይ፣ ዞር በይ ይሉኛል። አባቴን ገደልኩት አልኩ በልቤ፣ ልክ እንዲሁ። እትዬ ዘሀራ ገፍተውኝ አለፉና "ያ ረቢ" እያሉ የተሸከሙትን ድንጋይ ከጎማው ሥር ወሸቁት። ጎማው ወጣበት፣ ተንገጫገጨ፣ ቆመ። ገደሉ አፍ ላይ ለመድረስ ሁለት ክንድ ቀርቶት ነበር።

ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ ወረደና "ታኮውን ማን አነሣው?" አለ። እትዬ ዘሀራ ጥፍሩ የተላጠ ጣታቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠቀለሉ "ማን ያነሣዋል ልጄ፣ ተንሸራቶ ነው እንጂ" አሉት። በሌላው እጃቸው ትከሻዬን ጫን አድርገው ይዘውኝ ነበር።

ፏፏቴው ጋ ደርሰናል፣ ግን ምን እንደሚመስል ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ያን ቀን ያየሁት የአባባን እግር ብቻ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የጎረቤት ዶሮ በድንጋይ መምታቴን ተናዝዤ ይህችን ዘለልኳት።

ከዚያ ወዲያ አባባ "አንሺው" ብለውኝ አያውቁም። ድንጋይ ሲያዩ እጄን ለቀቅ አድርገው፣ ያን የማይታጠፍ እግራቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ እያቃሰቱ ራሳቸው ያነሡታል። እኔ ላንሣው ስላቸው "ተይው፣ እኔ አለሁ" ይሉኛል። እኔ ሞኟ እልህ መስሎኝ ስንት ዓመት ተቆጣኋቸው፤ ሰው አየን ብዬም አፍሬባቸዋለሁ። ከሞቱ ስድስተኛ ዓመታቸው ነው። ቅዳሜ ዕለት ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ እንዳለ ነው ትዝ ያለኝ፤ ለካስ ፊታቸው ወደ እኛ ነበር። ድንጋዩን ሳንከባልል ከመጀመሪያው ጀምሮ አይተውኛል።

ሾፌሩን አስቁሜ ወረድኩና ከሚኒባሷ ኋላ ኋላ በእግሬ ወጣሁ። ልጆቹ ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። መንገዱ ጥርግ ያለ ነው፣ አንዲት ጠጠር እንኳ አጣሁበት። ብትኖርም አንሺው የሚለኝ የለም፣ ተይው የሚለኝም የለም።