አባቴ የመረቀው ወንዝ

ቤታችን አንገረብ ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። የኋላው ግድግዳ ወደ ወንዙ ካዘመመ ቆይቷል፤ አሁን ያቆመው አባቴ ከውጭ የደገፈበት የባሕር ዛፍ ባላ ነው። ግድግዳውን አፍርሰን መሥራት አንችልም፤ ማደስም ተከልክለናል። መሸጥማ አይታሰብም። በአዲሱ የከተማ ፕላን ላይ አረንጓዴ የተቀባ፣ ነገ የሚነሣ ቤት ማን አብዶ ይገዛል? ክረምት ሲገባ እኔና አባቴ አልጋዎቻችንን ወደ ፊተኛው ክፍል እንስብና የኋላውን በር ዘግተን ዝናቡን እናዳምጣለን። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

ወንዙ ይጠበቅ መባሉ አይደለም የሚያናድደኝ። ወንዙማ ይጠበቅ። በልጅነቴ ልብስ ያጠብሁበት ውኃ ዛሬ ፌስታልና የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው የሚያወርደው፤ አፋፉም በየክረምቱ ይናዳል። በእኛ በኩል ያልተናደው አባቴ በወጣትነቱ ዋንዛና ወይራ ስለ ተከለበት ነው። የፕላኑ ባለሙያዎች እነዚያን ዛፎች አይተው ቦታውን አረንጓዴ ሲቀቡት፣ ዛፎቹን የተከለው ሰው እዚያው ከዛፎቹ ሥር እንደሚኖር አላዩም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። የነዋሪውን አስተያየት እንሰበስባለን ተብሎ ተጠራን። አንዲት ወጣት ባለሙያ ካርታ ሰቅላ ስለ ወንዝ ዳርቻ ጥበቃ ጥሩ አድርጋ አስረዳች። ካርታው የሚታየው ከፊት ለተቀመጠ ብቻ ነው፤ ከፊት የተቀመጡት ደግሞ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌዎች ነበሩ። እኛ ከኋላ ያለነው እጅ ብናወጣ ሰዓቱ ሄዷል፣ ሐሳባችሁ ለበላይ ይቀርባል ተባልን። ከዚያ እንደ ደንቡ በምርቃት ይዘጋ ተባለና አባቴ ተነሣ።

እኛ ዘንድ ስብሰባ ያለ ምርቃት አይበተንም። ሽማግሌ ሲመርቅም አሜን የማይል የለም፤ የተቀየመ ሰው እንኳ ቅያሜውን ዋጥ አድርጎ አሜን ይላል። አባቴ ደግሞ ያደገው አምባ ጊዮርጊስ፣ ከሽማግሌ እግር ሥር ነው፤ ምርቃት ላይ አፉ አይያዝም።

«ወንዝ የጠበቀ ይጠበቅ፤ ዛፍ የተከለ አይነቀል፤ ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ» አለ።

አዳራሹ ሙሉ አሜን አለ። እኔም ጮክ ብዬ አልሁ።

ለካ አሜናችን እንደ ስምምነት ተቆጥሯል። ግድግዳውን ለማሳደስ ፈቃድ ልንጠይቅ ቀበሌ ስንሄድ፣ «አረንጓዴ ቦታ ላይ እድሳት የለም። ነዋሪው ተሰብስቦ ተስማምቷል፤ ጊዜው ሲደርስ ትነሣላችሁ» ተባልን። ጊዜው መቼ እንደሚደርስ፣ ተነሥተንም ወዴት እንደምንሄድ የሚነግረን ሰው ግን አልተገኘም።

«አባዬ፣ ሂድና ምርቃት ነው እንጂ ስምምነት አይደለም በላቸው» አልሁት።

«ምነው ልጄ፣ የመረቅሁትን ልራገመው? ካፍ የወጣ አፋፍ ነው።»

«ግድግዳው ሲወድቅብንስ?»

«ወንዙ ቢጠበቅ ሸጋ ነው። ይኸን ተመልሼ ክፉ ነው አልልም» አለና ባላውን ሊያጠብቅ ወጣ።

ተናደድሁበት። ለቃሉ የሚሳሳውን ያህል ለእኔ የማይሳሳ መሰለኝ። ደግሞም ልክ እንደ ሆነ አውቅ ነበርና በእሱ መናደዴ ራሱ አናደደኝ። ትቼው ቤት ተከራይቼ ልውጣ ብዬም አስቤያለሁ። ግን አባቴን ከዚያ ግድግዳ ጋር ብቻውን ትቼ የት አባቴ እሄዳለሁ?

በሰኔ መግቢያ እንደገና ተጠራን። ያው አዳራሽ፣ ያችው ወጣት፣ ያው ካርታ ነበር። በዚህኛው ቀን እንደ ምንም ብዬ ተናገርሁ፦ ዛፎቹን የተከልናቸው እኛ ነን፤ እኛው እንጠብቃቸዋለን፤ ግድግዳችንን ብቻ እናድስ። ልጅቷ ጥሩ ሰው ናት፤ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። «ሐሳባችሁን ለበላይ አቀርባለሁ» አለች። ባለፈውም የተባልነው ይህንኑ ነበር።

ሰብሳቢው ወደ አባቴ ዞሮ «እንግዲህ በአባታችን ምርቃት እንዝጋ» አለ።

አባቴ ከዘራውን በጉልበቶቹ መካከል እንደ ያዘ ተቀመጠ። አልተነሣም።

ሰብሳቢው መጀመሪያ ያልሰማ መስሎት ደገመለት። ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው «ምነው አያ፣ አይመርቁንም እንዴ?» አሉት። እሱ ከዘራውን ጠበቅ አደረገ። ሰብሳቢው «ስብሰባው አብቅቷል» ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበ፤ ግን አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሣም። ሳይመረቅ እንዴት ተብሎ ይወጣል? ባለሙያዋም ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆመች፤ በሩን አየት ታደርጋለች፣ አባቴን አየት ታደርጋለች። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች የአዳራሹን ቆርቆሮ መቱ።

«አባባ፣ ዝናቡ መጣ፤ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ይግባ» አለችው ባለሙያዋ በልመና።

«ቤት ያለው ይግባ» አላት።

ዝናቡ በረታ፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። በአባቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ እስከ ማታ አብሬው ብቀመጥ ደስታዬ ነበር። ግን ከሁሉ ቀድሜ የተነሣሁት እኔ ነኝ። አፈሩ ሲርስ ባላው ይንሸራተታል፤ ሮጬ ደርሼ መያዝ ነበረብኝ።