ያልቆረጥኳት ትንፋሽ

አዳማ፣ ከባጃጅ ማቆሚያው ጀርባ ባለው ስቱዲዮ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ግርማ የጆሮ ማዳመጫ ሰጡኝና "ትንፋሽ ቁረጥ" አሉኝ። መጽሐፍ በድምፅ ነው የምናወጣው። አንባቢያችን ዘነበች ታነባለች፤ እኔ ሳሏንና ትንፋሿን በኮምፒውተር እየለቀምኩ አወጣለሁ። ጩኸቱ እንዳይገባ ስንቀርጽ ማራገቢያው ይጠፋል። በአዳማ ሙቀት ከዚያ ክፍል የምንወጣው ሰው ሆነን ሳይሆን የተቀቀለ ድንች ሆነን ነበር።

በዚያ ሥራ በኖርኩበት ዘመን የቆረጥኩት ትንፋሽ ቢጠራቀም ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያለውን የአይሱዙ ጎማ ሁሉ ይነፋል።

ከዓመታት በኋላ አቶ ግርማ በሴት ድምፅ በራሱ የሚያነብ የኮምፒውተር ማሽን አመጡ። አይስልም፣ ውሃ አይጠማውም፣ ጾም አያደክመውም። ለዘነበች ከእንግዲህ እንደማታስፈልጋቸው ነገሯት። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ጉሮሮ ነው። "ማሽኑን ጉንፋን ሲይዘው ደውልልኝ" አለችኝ። ይህን ስትል ግን አልሳቀችም።

የማሽኑ የመጀመሪያ ሥራ የኦቦ ቶሎሳ ልብ ወለድ ነበር፤ ከሁሩታ የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ናሙናውን ሳልሰማ ውሉን አልፈርምም አሉ። አንድ ገጽ እንደሰሙ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱ።

"ልጄ፣ ይቺ ልጅ መቼ ነው የምትተነፍሰው? እኔ ታፈንኩ።"

አቶ ግርማ ትንፋሽ ጨምርላት አሉኝ። ስነቅል የኖርኩት ሰውዬ መትከል ጀመርኩ። ማሽኑ ያለው ትንፋሽ አንድ ዓይነት ነው፤ በየአራት ነጥቡ ባስገባው ድምፁ ኩንታል ጤፍ ተሸክማ ፎቅ የምትወጣ ሴት መሰለ። ስለዚህ ትንፋሹ ካልተቆረጠው የዘነበች የድሮ ቅጂ እየመረጥኩ፣ ከረጅም ዓረፍተ ነገር በፊት ጠለቅ ያለ፣ ከአጭሩ በፊት ቀለል ያለ አደረግኩ።

"አሁን ነፍስ ዘራች" አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ለእኔ ግን ዘነበችን በገዛ ትንፋሿ ከሥራ ማስወጣቴ ነው።

ከዚያ ልብ ወለዱ ውስጥ አባት ልጁን "ሰውየውን ወደድሽው?" ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ደረስን። ማሽኑ እንደ ዜና አንባቢ "አዎ" አለ።

"አባቷ ፊት፣ እንዲህ አፏን ሞልታ?" ኦቦ ቶሎሳ ተቀየሙ።

ዘነበች የቀረ ዕቃዋን ልትወስድ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። አቶ ግርማን ለምኜ ገጹን ሰጠኋት። ማራገቢያው ጠፋ። የአባትየውን ጥያቄ አነበበች። ለመልሱ አንድም ቃል አላወጣችም፤ ትንፋሿን ብቻ ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች፣ እኛ አገር አንገት ደፍተን አዎ እንደምንለው። ዕድሜ ልኬን እንደ ጉድፍ ስለቅማት የኖርኳት ትንፋሽ።

"ባለቤቴም ስለ እኔ ሲጠይቋት ለአባቷ የመለሰችው እንዲሁ ነው" አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ቀጥለውም፣ "ግርማ፣ እሷ ካላነበበችው አልፈርምም።"

ዛሬ ማሽኑ የማዳበሪያ አጠቃቀም መመሪያ ያነባል። ልብ ወለድ የዘነበች ነው፤ ጉንፋን ሲይዛት እንጠብቃታለን።

አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ትንፋሽ ከመቁረጣችሁ በፊት አዳምጡት፤ የጥያቄው መልስ እሱ ሊሆን ይችላል።